ካዝናውን በየማታው አታራግፊው

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዘንድሮው ውርጭ ግን ጨክኗል፤ የጓሮውን ባቄላ በአንድ ሌሊት አጠቆረው። እናትሽ ባናዋን ደርባ ምድጃው ሥር ተቀምጣ «ልጅቷ ጠይቃሃለች እኮ፣ ጻፍላት እንጂ» እያለች ትነዘንዘኛለች። እነሆ ጻፍኩ።

ከሥራ ስትገቢ በየማታው ስምንቱንም ጥይት ከሽጉጥሽ ካዝና እያራገፍሽ ጠዋት መልሰሽ እንደምትሞዪው በስልክ ነገርሽኝ። «ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ሞላ ተጭኖ ካደረ ይደክማል» ብለውሻል አሉ። እኔም መሣሪያ ክፍል ሳለሁ ይህንኑ አምኜ ነው የኖርኩት። በየወሩ ካዝናዎቹን ሁሉ አስራግፍ ነበር፤ ግማሹ «ያርፋል»፣ ግማሹ ይሞላል። አሁን ሳስበው የዚያ ሁሉ ፖሊስ አውራ ጣት የቆሰለው በከንቱ ነው።

የሞላ ብረት ልክ አለው። ከልኩ በታች እስከተጫነ ድረስ ዓመትም ይቆይ ዐሥር ዓመት፣ ሲለቁት ይመለሳል። ከልኩ ካለፈ ግን ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን ጎብጦ ይቀራል። አዲስ ሞላ ካዝናው መጀመሪያ ጥይት ሲሞላ ትንሽ ያጥራል፤ ያ መደላደሉ ነው፣ ከዚያ ይረጋል። እያደር የሚያለፋው መጨመቅና መለቀቁ ነው። ስሚንቶ እንደጫነች ሰፈራችን ቆማ ያደረች አይሱዙ ባሌስትራዋ ቆማ አይሰበርም፤ የሚሰብረው የመንዝ ኮረኮንች ነው። አንቺ በየማታው የምታደርጊው ካዝናውን ኮረኮንች ላይ መንዳት ነው። እርግጥ ነው ጥሩ ሞላ ብዙ ሺህ ጊዜ ይችላል፤ ዘንድሮ አይሞትብሽም። ግን ምንም አላተረፍሽም። ያለሽበት ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው ብለሽም አትስጊ፤ ብረቱን የሚያላላው በመቶ ዲግሪ የሚቆጠር ሙቀት እንጂ የዚያ ፀሐይ አይደለም።

እንዲያውም ሌላ ጉዳት አለው። ጠዋት ጠዋት አቀባብለሽ ማታ የምታወጪው ያቺኑ የላይኛዋን ጥይት ከሆነ፣ ሽጉጡ በጎረሳት ቁጥር ራሷ እየተመታ ወደ ቀለሁ ይሰምጣል። ውስጡ ሲጠብ የባሩዱ ግፊት ከልክ ያልፋል፣ መሣሪያም ሊያፈነዳ ይችላል። አሁኑኑ አውጥተሽ ከጓደኞቿ ጎን ጠረጴዛ ላይ አቁሚያት። አጥራ ካየሻት ለንብረት ክፍል መልሺ፣ አትተኩሻት።

ሞላ የሚገድለውን ልንገርሽ። ጣርማ በር አካባቢ ተመድቤ ሳለሁ አንዱን ትርፍ ካዝና ከነጥይቱ በቆዳ አፎቱ ከትቼ ክረምቱን ሙሉ ረሳሁት። የዚያን አገር ጉም ታውቂዋለሽ፤ ደጁን ዘግተሽም ይገባል። ቆዳው ያን እርጥበት ሲጠጣ ከርሟል። መስከረም ላይ ሳወጣው የጥይቶቹ ቀለህ አረንጓዴ አውጥቷል፣ ሁለቱ ከካዝናው ጋር ተጣብቀው አልወርድ አሉ። ከታች ክዳኑን የያዘችውን የሞላውን ጫፍ በምስማር ተጭኜ ክዳኑን ሳንሸራትተው፣ ሞላው ዘሎ መውጣት ሲገባው ተልፈስፍሶ ወጣ። ሁለተኛው እጥፋት ላይ ዝገቱ እንደ ፈንጣጣ ቦረቦረው። በሁለት ጣቴ ጫን ባደርገው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ያን ዕለት ብፈልገው ኖሮ ጥይት ወደ ላይ የሚገፋልኝ አልነበረም።

ስለዚህ ካዝናሽ በቆዳ ውስጥ አይክረም። ያንቺ ማካሮቭ ሽጉጥ ካዝና ጎኑ ክፍት ስለሆነ የሸዋ ሮቢት አቧራ ቀጥ ብሎ ይገባበታል፤ አልፎ አልፎ ፈትተሽ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። ዘይት አታብዢ። ሞላው ላይ ስስ ሆኖ ይበቃል፤ ትርፉ በጥይቱ ቂጥ ባለችው መለኮሻ ዙሪያ ሰርጎ ጥይቱን ሊያመክን ይችላል። እኔ ላይ ደርሷል፤ ልምምድ ላይ ቃታ ስቤ ቀጭ ብቻ አለ። እንዲያ ከሆነብሽ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረግሽ ሠላሳ ሰከንድ ጠብቂ፤ ዘግይቶ የሚተኮስ አለ። ደብረ ብርሃን ስትመጪ ደግሞ፣ ከውርጭ ወደ ምድጃ ቤት ስትገቢ ብረቱ እንደ እኔ መነጽር ያልበዋል፤ ሲሞቅ ጠርገሽ አስቀምጪ።

ያንቺ ሽጉጥ ሶቪየቶች በ1951 እ.ኤ.አ. ለሠራዊታቸው የተቀበሉት ነው፤ ስምንት ጥይት በአንድ ረድፍ እንዲይዝ ተሠርቷል፣ ስምንቱንም ሙዪ። አሁን አሁን የሚታዩት ባለ 15 እና ባለ 17 ጥይቶቹ ግን በሁለት ረድፍ ተጣብበው ሞላቸው እስከ ጥግ ይጨመቃል፤ ለእነሱ አንድ ማጉደል ክፋት የለውም። ሞልቶ የጠበቀ ካዝና፣ ስናቀባብል ወደኋላ የምንስበው የሽጉጡ ላይኛው ብረት ተዘግቶ ሳለ አልገባም ሊል ይችላልና።

ደከመ አልደከመም የሚለውን የሚፈርደው የተኩስ ሜዳው ነው። የመጨረሻው ጥይት ሲወጣ ላይኛው ብረት ወደኋላ ተከፍቶ መቆም አለበት። ባዶው ላይ ከተዘጋ፣ ወይም ጥይቱ አፍንጫውን ደፍቶ ከተቀረቀረ፣ መጀመሪያ ካዝናውን አጽጂ፤ ቀጥሎ ጥይቱን ከላይ የሚይዘውን የካዝናውን ከንፈር እዪ፤ ወድቆ ከተጣመመ ሞላ መለወጥ አያድነውም። ከዚያ በኋላ ነው ሞላው የሚጠረጠረው። ሁለቱን ካዝናዎች በጥፍር ቀለም አንድና ሁለት በያቸው፣ የትኛው እንዳመፀ ታውቂያለሽ። አዲስ ሞላ ከንብረት ክፍል እንጂ ከገበያ አትግዢ፤ በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ ለተገኘ የመሣሪያ ዕቃ አይራራም።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርሽም። አራት ዓመት የሞላው ልጅ ቤትሽ አለ። ካዝናው ሞልቶ ይደር፣ ሽጉጡ ግን ባዶውን ይደር፤ ለየብቻ፣ ሁለቱም በቁልፍ። ባዶ ስታደርጊው መጀመሪያ ካዝናውን አውጪ፣ ቀጥሎ ላይኛውን ብረት ሳቢ፤ ካገላበጥሽው እየሳብሽ ሌላ ታጎርሺዋለሽ። በዓይንሽ አይተሽ በጣትሽም ዳስሺ። ቁልፉ ከአንገትሽ አይለይ። ቁም ሣጥን ላይ ማስቀመጥ ለዚያ ልጅ ምንም አይደለም፤ ባለፈው ስትመጡ ማር ፍለጋ የት እንደወጣ አይተሻል።

እናትሽ በሶና ቆሎ አዘጋጅታለች፣ ቅዳሜ በሚወርደው መኪና ይደርስሻል። የጣርማ በሩን ስባሪ ሞላ እስከዛሬ አስቀምጬዋለሁ፤ በበሶው መሐል በላስቲክ ጠቅልዬ ከትቸዋለሁና ስታፈሺ ተጠንቀቂ። ለእናትሽ አልነገርኳትም።

አባትሽ