«በአገራችን አይታይም» ስላላችሁት በሽታ

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ልብ ኢንፌክሽን ያወጣችሁትን ዘገባ ሶስቴ ነው ያነበብኩት። ብዙው ልክ ነው፣ አልክድም። አንዷ አረፍተ ነገር ግን እስካሁን እያንገበገበችኝ ነው፦ ብርቅ የሆኑት ባክቴሪያዎች ልብ ላይ የሚወጡት «በመርፌ አደንዛዥ ዕፅ በሚወስዱ የውጭ አገር ሰዎች ነው፣ በአገራችን አይታይም» ያላችሁት። ማን ፈልጎ ነው ያጣው?

ታናሽ ወንድሜ ዕፅ ቀርቶ ሲጋራ ነክቶ አያውቅም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከኔ ጋር ነው የሚኖረው። ልጅ እያለ ቶንሲሉ በወጉ ሳይታከም ቀርቶ የልብ ቫልቩን ጎዳው፣ ከዛ ወዲህ በየወሩ መርፌ ይወጋል። እንደሱ በቶንሲል ሰበብ የልብ ታማሚ የሆነ በየሰፈሩ አለ፣ የተጎዳ ቫልቭ ደሞ ለባክቴሪያ ምቹ መቀመጫ ነው። ስለነዚህ ልጆች ግን አንድ መስመር እንኳን አልጻፋችሁም።

አምና ሳል ጠንቶበት ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰድኩት፣ እጁ ላይ ካኑላ (መድኃኒት በደም ስር የሚገባበት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ተክለው ጠዋትና ማታ መርፌ ይሰጡት ጀመር። ካኑላው ስድስት ቀን ሳይነቀል ቆየ። የፕላስተሩ ጠርዝ ጠቁሮ ተላጠ፣ ስሩ ቀላ፣ «ኧረ ቀይሩለት» ስላቸው «ገና ይሰራል» አሉኝ። ዳነ ብለን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ብርድ ብርድ ይለው ጀመር፣ ሌሊት ላቡ አንሶላውን አልፎ ፍራሹን ያርሰዋል። ተመለስን፣ ከጣቱ ደም ወሰዱና ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባለ። (እዚ አገር ትኩሳት ይዞት ሄዶ ታይፎይድና ታይፈስ ያልተባለ ሰው ካለ እስቲ ይንገረኝ።) ሶስቴ መድኃኒት ቀያየሩለት፣ እሱ ግን ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ እስክንበሳ ድረስ ከሳ።

በመጨረሻ መሃል ከተማ ትልቅ ሆስፒታል ደረስን። የልብ አልትራሳውንድ ሲነሳ ቫልቩ ላይ ተንጠልጥሎ በየምቱ ብቅ ጥልቅ የሚል ነገር በአይኔ አየሁ። ደሙ ለካልቸር (ባክቴሪያ ካለበት ላብራቶሪ ውስጥ አብቅለው ለሚለዩበት ምርመራ) ተልኮ ግን ምንም አልበቀለም። ያ ሁሉ አንቲባዮቲክ ገብቶ ምን ይብቀል? ዶክተሯ መድኃኒቱን ለጥቂት ቀን አስቁማ ከተለያየ ቦታ ሶስት ጊዜ ደም አስቀዳችው፣ ያኔ ነው ሴራሺያ ማርሴሰንስ የምትባለው የወጣችው። ውሃና አፈር ውስጥ የምትኖር፣ እርጥብ መታጠቢያ ቤት ላይ ሮዝ ሆና የምትታይ፣ ጤነኛ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ምንም የማታደርግ ባክቴሪያ ናት። አምፒሲሊንን የመሳሰሉትን መድኃኒቶች በተፈጥሮዋ ትቋቋማለች። ዶክተሯ እርግጠኛ መሆን ባይቻልም ከካኑላው ሳትገባ አትቀርም አለችን። ስድስት ሳምንት በደም ስር ታከመ፣ እኔም ስድስት ሳምንት ሙሉ ሁለት ታክሲ እየቀያየርኩ ምሳ አመላለስኩ።

ይቺን ባክቴሪያ «ምንም አታመጣም» ብሎ የተሳሳተ ከናንተ በፊትም ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1950 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሙከራ አየር ላይ ረጫት፣ ብዙም ሳይቆይ እዛው ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ 11 ሰዎች በሷ ታመሙ፣ አንዱ ልቡ ድረስ ደርሳ ሞተ። ቤተሰቡ ከሶ ፍርድ ቤት ባይቀበለውም፣ ከዛ ወዲህ አቅም የላትም ብሎ የሚንቃት ሐኪም ያለ አይመስለኝም።

አሁን አስቡት። የደም ካልቸር መወሰድ ያለበት አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው። እኛ ሰፈር የጠየኳቸው ክሊኒኮች አንዳቸውም አይሰሩትም፣ መርፌው ግን በር ላይ እንደደረስክ ነው የሚጀመረው። እንዲህ እየሆነ በየት በኩል ይታያል? ሳይመረመር የሞተ ሰው እናንተ ጋ የሚቆጠረው የለም ተብሎ ነው? ያቺን አረፍተ ነገር ያነበበ የክሊኒክ ሰራተኛ ነገ እንደ ወንድሜ ያለ ልጅ ላብ አጥምቆት ሲመጣለት «ይሄማ የፈረንጅ በሽታ ነው» ብሎ ነው የሚመልሰው፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ስለዚህ እርማት አውጡ፣ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዛው የፊደል መጠን። የልብ ቫልቭ ችግር ያለበት ሰው ትኩሳቱ አልለቅ ካለው «ካልቸር ሳትወስዱ መድኃኒት አትጀምሩልኝ» ብሎ እንዲጠይቅ ጻፉለት፣ ካኑላውም ስሩ ከቀላ ዛሬውኑ እንዲነቀልለት።

ከቱሉ ዲምቱ፣ የታማሚው እህት