ይድረስ ለአባቴ፦ በበዓል ሰሞን ስለ እኔም ስለ እርስዎም ጥንቃቄ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስንነጋገር «በዓሉ እስኪያልፍ ከቤት ባትወጪ ይሻላል» ብለውኝ ነበር። እኔም «አይስጉ» ብዬ በአጭሩ ስላለፍኩት፣ መልሴ እንዳላረካዎ ከድምፅዎ ታወቀኝ፤ ስለዚህ ነገሩን በጽሑፍ እንደሚገባ ላስረዳዎ ወሰንኩ። እርስዎ የሚፈሩልኝ በጨለማ መንገድ ላይ አድፍጦ የሚጠብቀኝን ሰው ነው። እሱም አይጠፋም። ይሁን እንጂ በሰው አገር በኖርኩባቸው ዓመታት እንደተረዳሁት፣ በበዓል ሰሞን የሚያጋጥመን ወንጀል ብዙውን ጊዜ ጉልበት የማይጠይቅ፣ የሰውን ከቤት መራቅ፣ መቻኮልና መናፈቅ ተጠቅሞ የሚሠራ ነው፤ በዚህ በኩል ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከእኔ ይልቅ ለአደጋው የቀረቡት እርስዎ ይመስሉኛል።

ከቤቱ ልጀምር። በበዓል ቀናት ጎረቤቱ ሁሉ ወደየዘመዱ ስለሚሄድ ሕንፃው ጭር ይላል፤ ሌባም ባዶውን ቤት ከሩቅ አይቶ ይለየዋል፦ የሞላ የፖስታ ሣጥን፣ ለሦስት ሌሊት ያልበራ መስኮት፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ የተጣለ የአዲስ ቴሌቪዥን ካርቶን ይበቃዋል። ስለዚህ ከቤት ስርቅ ከታች ያሉት ጎረቤቴ ፖስታዬን ይሰበስቡልኛል፤ የሳሎኑንም መብራት በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ገጥሜለታለሁ። የጉዞ ፎቶግራፎቼን ከተመለስኩ በኋላ እንጂ በመንገድ ላይ ሳለሁ አልለጥፍም። እኅቴ ግን ባለፈው ዓመት ከአውሮፕላን ማረፊያ የላክሁላትን ፎቶ በዚያው ሰዓት ለጥፋው ስለነበር፣ በፍቅር ያደረገችው ቢሆንም፣ ቤቴ ባዶ መሆኑን ለማላውቀው ሰው ሁሉ አስታወቀችብኝ። ይህን ደብዳቤ ስታነብልዎ እንደማትቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ባለፈው ዓመት የደረሰብኝን አንድ ነገር ደግሞ ስላፈርሁበት እስካሁን አልነገርኩዎትም። በበዓሉ ዋዜማ ሳምንት «ጥቅልዎ በአድራሻ ስህተት ምክንያት ተይዟል፤ ለማስለቀቂያ ጥቂት ክፍያ ይፈጽሙ» የሚል አጭር መልእክት በስልኬ ደረሰኝ። በዚያ ሳምንት ሦስት ጥቅሎች እጠብቅ ስለነበር፣ ከመካከላቸው የትኛው እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ማስፈንጠሪያውን ነክቼ የባንክ ካርዴን ቁጥር ጻፍሁ። የተጠየቅሁት ገንዘብ ከቁጥር የማይገባ ነበር፤ የተፈለገው ግን የካርዱ ቁጥር ኖሮ፣ በማግስቱ ከሒሳቤ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ወጣ። ደውዬ ካርዱን ባሳግደውም ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሆነ። እንዲህ ያለው መልእክት ለእልፍ ሰው በአንድ ጊዜ የሚበተን ነው፤ በዚያ ሰሞን ጥቅል የማይጠብቅ ሰው ደግሞ ጥቂት በመሆኑ፣ ላኪው ማንንም ሳያውቅ ብዙዎችን ያጠምዳል። አሁን መልእክት ሲመጣልኝ ማስፈንጠሪያውን ትቼ፣ የአመላላሹን ድርጅት መተግበሪያ ራሴ ከፍቼ አጣራለሁ።

ስለ መንገዱም ቢሆን ዝም አልልም። ከግብዣ ሲመሽብኝ ብቻዬን አልመለስም፤ በስልክ በጠራሁት መኪና ስመለስም ሰሌዳውን ከማመሳከሬ በፊት አልሳፈርም። በገበያ ግርግር መካከል ልብሴ ላይ አንዳች ነገር ደፍቶ «ልጥረግልሽ» የሚለኝ ደግ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ አስቀድሜ ቦርሳዬን እይዛለሁ። የስልኬን ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር *#06# ደውዬ ካገኘሁት በኋላ በወረቀት ጽፌ ቤት አኑሬዋለሁ፤ ስልኩ ቢሰረቅ ለማዘጋት ይጠቅማል። የድረሱልኝ ጥሪ ቁጥርም ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በአሜሪካና በካናዳ 911፣ በብሪታንያ 999 እንደሆነ ከጉዞዬ በፊት በቃሌ እይዛለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁልኝ፦ እርስዎ ያሳደጉኝ የራሴን እንዳላስነጥቅ ነው፤ ሆኖም አንድ ቀን ስለት የያዘ ሰው የሰጡኝን የእጅ ሰዓት ቢጠይቀኝ አውልቄ እሰጠዋለሁ። ያን ጊዜ ስለ ሰዓቱ እንዳያዝኑብኝ ከአሁኑ እለምንዎታለሁ።

ፓስፖርቴ ቅጂው በእጄ፣ ዋናው ተቆልፎበት ቤት ይቀመጣል፤ ሕጉ ዋናውን መያዝ በሚያስገድድበት አገር ግን ከሰውነቴ አልለየውም። ቢጠፋ ሳልውል ሳላድር ለፖሊስና ለኤምባሲ አስታውቃለሁ፤ ዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት ኢንተርፖል ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጠፉና የተሰረቁ የጉዞ ሰነዶችን መዝገብ ስለሚይዝ፣ ሌላ ሰው በስሜ ድንበር እንዳይሻገርበት ይረዳል። ብዙ ስደተኞች በቋንቋ ፍራቻና የወረቀት ጣጣ በመሸሽ የደረሰባቸውን ሳያመለክቱ ይቀራሉ። በዚህ አልስማማም፤ ፖሊስ የሚሰጠው የማመልከቻ ማስረጃ ከሌለ ምትክ ሰነድ ማውጣትም፣ ከኢንሹራንስ ካሣ መጠየቅም አስቸጋሪ ይሆናል።

አሁን ዋናውን ጉዳይ ላንሣ። በበዓሉ ሰሞን አንድ የማያውቁት ሰው ደውሎ «ልጅዎ አደጋ ደርሶባታል» ወይም «ታስራለች፤ ዛሬውኑ ገንዘብ ካልተላከ አትፈታም» ሊልዎት ይችላል። ከዚያም እያለቀስኩ «አባዬ» ስል ይሰማዎት ይሆናል። ድምፁ የእኔ ቢመስልም አይመኑት፤ ዛሬ በኢንተርኔት ከተለጠፈ አጭር ቪዲዮ ላይ የሰውን ድምፅ በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት ይቻላል። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት የታሰረ የውጭ አገር ዜጋ ሲጠይቅ ቆንስላው ሳይዘገይ እንዲነገረው ያዛል እንጂ፣ የትኛውም ሕጋዊ ፖሊስ አባትን በስልክ አስፈራርቶ ገንዘብ በሐዋላ አያስልክም። «ለማንም እንዳትነግር» የሚል ቃል ከተጨመረበት ማታለል ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያሻዎትም። እንዲሁም የዋትስአፕዎን ባለ 6 አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅዎ ሰው፣ ዘመድ መስሎ ቢጽፍልዎም፣ ቁጥሩን ካገኘ በእርስዎ ስም ሌሎችን ያታልልበታል።

እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ምንም ሳይመልሱ ይዝጉትና ሁልጊዜ በሚያውቁት ቁጥሬ ይደውሉልኝ። የቸገረው ነገር በበዓሉ ዋዜማ ለዘጠኝ ሰዓት ያህል በአውሮፕላን ላይ ስለምሆን ስልኬ አይነሣም፤ አታላዮችም የሚመኙት ይህንኑ ጊዜ ነው። ስለዚህ የጉዞዬን ሰዓት ለእኅቴ ጽፌላታለሁ፤ እርስዎ ግን፣ በእኔ ቢኮሩም፣ መቼና ወዴት እንደምሄድ ለጎረቤትም ሆነ ለደዋይ ከመንገር ለጥቂት ቀናት ይቆጠቡልኝ።

እኔ ነኝ የሚል ሰው ቢያለቅስብዎትና ልብዎ ቢሸበር፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ከቤት በወጣሁበት ማለዳ፣ በሩ ላይ ቆመው ማንም ሳይሰማን ምን አሉኝ? መልሱን በዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም፤ ይህን እያነበበችልዎት ያለችው እኅቴም አታውቀውም።

ናፋቂ ልጅዎ