ሰብልዬ፣ አንድ ዳዮድ እንቅልፍ ነሳኝ

ለውድ ወዳጄ ለሰብለ፣

እንደምን ከርመሻል? ቤተሰቡስ? የመጨረሻ ደብዳቤሽን ሳልመልስ ሁለት ዓመት አለፈ። ምክንያት ብደረድርልሽ ገና ሳልጨርስ ታውቂብኛለሽ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ። ደግሞ ናፍቆት ብቻ አይደለም ብዕር ያስነሳኝ፤ ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት። እንዲህ መምጣቴ ከብዶኛል፣ ግን ይህን ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ጉዳዩ ያንቺው ሙያ ነው፤ የኢንክጄት ማተሚያ ራስ ቺፕ። በአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ምርመራ ላይ ያለ የደንበኛችን ማመልከቻ ነው። ታትሞ ወጥቷል፣ መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው፤ ምስጢር እያወጣች ነው ብለሽ አትስጊ። መርማሪው ለላከው ተቃውሞ መልስ እንድንሰጥ የተፈቀደልን አራት ወር ነው፤ ሦስቱ አልቋል። የሁለት ወር ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፣ ጥያቄው ግን ቀኑ ሳያልፍ መግባት አለበት። ድሮ ለፖስታ መንገድ ተብሎ የሚታሰበው አሥር ቀንም እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 2023 ወዲህ ቀርቷል፤ አሁን የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ከሰፈረው ቀን ጀምሮ ነው።

«መጀመሪያ ሥዕሉን አሳዪኝ» እንደምትይ አውቃለሁ፣ ሥዕል 5ን አያይዤልሻለሁ። ቺፑ 308 ማሞቂያ ሬዚስተሮች አሉት፤ በ14 ቡድን ተከፍለው እያንዳንዱ ቡድን 22 አድራሻ ይዟል፣ ከአንድ ቡድን በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ይተኮሳል። እያንዳንዱ ሬዚስተር 40 ኦም ነው፣ በ12 ቮልት 300 ሚሊአምፒር ይስባል፤ ምቱ 1 ማይክሮሰከንድ ሲቆይ 3.6 ማይክሮጁል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የኤችፒ ቲንክጄት 12 ኖዝል ብቻ ስለነበረው ለእያንዳንዱ ሬዚስተር የራሱን መገናኛ መስጠት ይቻል ነበር። እዚህ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ፓድ የሲሊኮን ቦታ ይበላል፣ በዚያ ላይ ቀለም ሾልኮ ሊደርስበት የሚችል አንድ ተጨማሪ መገናኛ ነው። ስለዚህ ፈጣሪዎቹ የሙቀት መለኪያ ዳዮዶቹንና የማስታወሻ ቢቶቹን በአንድ የማንበቢያ መስመር ላይ፣ በአንድ ፓድ ሰብስበዋቸዋል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ችግሩ የተጻፈበት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ክሌም፣ ማለትም የጥበቃውን ወሰን የሚያስቀምጠው ዓረፍተ ነገር፣ «ለኢንክጄት ማተሚያ ራስ የሚሆን የተቀናጀ ሰርኪት» ብሎ ይጀምርና መስመሩን፣ ቢቶቹን፣ ዳዮዶቹን፣ ከእነዚህም አንዱን ብቻ መርጦ የሚያገናኘውን መምረጫ ይዘረዝራል። ያቺ አንዲት «ለ» ናት የመጀመሪያውን ዱላ ያመጣችው። በቢሮው አነባበብ «ለዚህ የሚሆን» ማለት ለዚያ ሥራ የሚመች ማለት ነው እንጂ ማተሚያ ራስ አብሮ አለ ማለት አይደለም። ቃሉ ከንቱ ነው ማለትም አይደለም፤ መመሪያቸው ለቀለጠ ብረት የሚሆን ቅርጽ ማውጫን በምሳሌነት ያነሳል፦ የፕላስቲክ የበረዶ መሥሪያ ብረቱ ሲፈስበት ስለሚቀልጥ ከክሌሙ ውጭ ነው። በእኛ ክሌም ውስጥ ግን 300 ሚሊአምፒር መሸከምን የሚያስገድድ አንድም ቃል የለም። መርማሪው የማስታወሻ ሰርኪቶች በሚመደቡበት በጂ11ሲ ውስጥ ፈልጎ አንድ የስክሪን መንጃ ቺፕ አወጣ፤ ዲ3 ብሎታል። አንድ የመፈተሻ መስመር፣ ቢቶች፣ የሙቀት ዳዮድ፣ መምረጫ፤ ሁሉም አለው። አዲስነት በዚያው ወደቀ። የኢንክጄት ማተሚያዎች በሚመደቡበት በቢ41ጄ 2 ሥር ብቻ ፈልጎ ያቆመ ሰው ይህን ሰነድ በፍጹም አያገኘውም፤ የማተሚያ ራስ ቺፕ ማመልከቻ ስታዘጋጂ ጂ11ሲንም፣ ለሙቀት መለኪያ ጂ01ኬንም አስፈትሺ።

ይህኛው መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ማሞቂያ ሬዚስተሮቹንና ከረንት የሚሰዱላቸውን መንጃ ትራንዚስተሮች በ«ለ» ሳይሆን በአካል ክሌሙ ውስጥ ማስገባት። ክሌም 2 ላይ ተጽፈዋል፣ መሠረት አላቸው። ዲ3 ከአዲስነት ተቃውሞ ይወጣል። እንቅልፍ የነሳኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

የፈጠራ ብቃትን በተመለከተ መርማሪው ካመጣቸው የቀድሞ ሰነዶች ዲ1 ያለውን መነሻ አድርጓል፤ ትክክልም ነው። ዲ1 የማተሚያ ራስ ነው፤ ሁለት ጫፍና መሐል ላይ ሦስት ዳዮዶች፣ አንድ የጋራ መስመር፣ አንድ በአንድ ለማንበብ ትንንሽ የሎጂክ ስዊቾች አሉት። ማስታወሻ የለውም። ሌላው ሰነድ ዲ2 ደግሞ ተንሳፋፊ ጌት ያለው፣ ኃይል ቢጠፋም የተጻፈበትን የሚይዝ ቢት ያሳያል፤ በራሱ ፓድ በኩል በከፍተኛ ቮልቴጅ ይጻፋል፣ የታወቀ ከረንት ተሰዶበት ቮልቴጁ ይነበባል። መርማሪው እንዲህ ይላል፦ የዲ2ን ቢት በዲ1 መስመር ላይ መሰካት በዘርፉ ለሠለጠነ ባለሙያ ተራ ነገር ነው፤ ሙቀት መለካትና ቢት ማንበብም ሁለት የማይነካኩ ሥራዎች ስለሆኑ ጎን ለጎን መደርደራቸው ፈጠራ አይሆንም።

ለመጀመሪያው ነጥብ መልስ አለኝ፤ እስቲ አንቺ ሚዛን ላይ አስቀምጪው። ቢቱን ለመጻፍ መስመሩ ላይ 12 ቮልት ያስፈልጋል። ዳዮዱ በከረንት እንዲነበብ ሲባል ወደፊት ዞሮ የተገናኘ ነው። ያለ ስዊች በመስመሩ ላይ ቢቀመጥ መስመሩን 0.7 ቮልት አካባቢ አንቆ ይይዘዋል፤ ቢቱ በጭራሽ አይጻፍም። በዲ1 ዓይነት የሎጂክ ስዊች ቢለይ ደግሞ፣ 5 ቮልት የሚችል ስዊች በ12 ቮልት ይሰበርና ከረንቱ እንደገና ወደ ዳዮዱ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለቱን ሰነዶች እንዳሉ ያጋጠመ ሰው የማይሠራ ቺፕ ነው የሚያገኘው። ማመልከቻው የሚያደርገው ሌላ ነው፦ ዳዮዱን የሚለየው ስዊች ከሬዚስተሮቹ መንጃ ጋር በአንድ የአሠራር ሂደት የተሠራ ከፍተኛ ቮልቴጅ ቻይ ትራንዚስተር ነው። ተጨማሪ ማስክ አያስፈልግም፤ ሂደቱ እዚያው ቺፕ ላይ አለ።

ደንበኛው «ስዊች» የሚለውን ብቻ ክሌም ውስጥ አስገቡ፣ «በአንድ ሂደት የተሠራ» የሚለውን ተዉት፣ ጥበቃው ይስፋ ይላል። ይህን አልፈርምበትም። ሥዕል 5ና ማብራሪያው ሁለቱን ሳይለያዩ ነው የሚያቀርቧቸው፤ አንዱን ባሕርይ አብሮት ከተገለጸው ነቅሎ ለብቻው ማምጣት በአውሮፓ ፓተንት ስምምነት አንቀጽ 123(2) የተከለከለው አዲስ ነገር መጨመር ነው። መለኪያው ጥብቅ ነው፦ ባለሙያው መጀመሪያ ከቀረበው ጽሑፍ በቀጥታና ያለ አሻሚነት የሚያነበው ብቻ ይፈቀዳል። ፓተንቱ ከተሰጠ በኋላ በተቃውሞ ቢነሳ ደግሞ መውጫ የለም። የተጨመረውን ስዊች ማውጣት ጥበቃውን ስለሚያሰፋ በ123(3) ክልክል ነው፤ መተው በ123(2) ያስጥላል። ፓተንቱ በሁለቱ መሐል ታንቆ ይሞታል። በዚያ ላይ «ስዊች» ብቻ ያለው ክሌም በ12 ቮልት የሚሰበረውንም ያቅፋል፤ ያ ደግሞ ችግሩን አይፈታም።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። መርማሪው በቃል ክርክር ላይ «ከፍተኛ ቮልቴጅ ቻይ ትራንዚስተሩ አጠገቡ እያለ ባለሙያው ለምን አያነሳውም?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ የሚያመልጠው ከረንት ነበር። መንጃው ለ300 ሚሊአምፒር የተሠራ ሰፊ ትራንዚስተር ነው፣ ሲጠፋም ጥቂት ያሾልካል። በማንበቢያው መስመር ላይ ያሉ 100 ቅርንጫፎች እያንዳንዳቸው 10 ናኖአምፒር ቢያሾልኩ 1 ማይክሮአምፒር ይሆናል። ዳዮዱ በ10 ማይክሮአምፒር ቢነበብ አሥር በመቶው አመለጠ ማለት ነው፤ ንባቡ 2.7 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል። ዳዮዱ በዲግሪ 2 ሚሊቮልት ስለሚቀንስ የማተሚያው ራስ ከእውነቱ ከ1.3 ዲግሪ በላይ የሞቀ ይመስላል፤ ተቆጣጣሪው ማሞቂያውን ይቀንሳል፣ ጠብታውም ይደክማል። በ100 ማይክሮአምፒር ሲነበብ ግን ስህተቱ ወደ 0.13 ዲግሪ ይወርዳል፣ ክርክሬም አብሮ ይወርዳል።

ታዲያ በ100 ማይክሮአምፒር ይነበብ፣ ስዊቹም ጠባብ ይሁን እንበል። ያኔ ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ ጠባብ ትራንዚስተር ሲበራ የራሱ ሬዚስታንስ አለው። 1 ኪሎኦም ቢሆን 100 ሚሊቮልት ከዳዮዱ ንባብ ላይ ይጨምራል፤ 50 ዲግሪ ስህተት! ባለሙያው ይህን ስዊች በመለኪያ መንገድ ላይ ማስቀመጥ የሚፈራበት እውነተኛ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ትናንት ማታ መግለጫውን ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም፣ አንቀጽ 47 ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፦ በታወቀ ሙቀት የተለካው የስዊቹ ጭማሪ በዚያው መስመር ላይ ባሉት ቢቶች ይጻፋል፣ በኋላም ከንባቡ ይቀነሳል። ሰብልዬ፣ ደስታዬን ብታዪው! ቢቱ ዳዮዱን ያርመዋል፣ ስዊቹ ቢቱ እንዲጻፍ ያስችለዋል። ጎን ለጎን የተደረደሩ አይደሉም፤ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። የመርማሪው ሁለተኛ ነጥብ በዚህ ይፈርሳል ብዬ አምናለሁ። ይህም ዓረፍተ ነገር ክሌሙ ውስጥ ይገባል፤ ጥበቃው ይጠባል፣ ግን ይቆማል።

ደስታው እስከ ንጋት አልቆየም። የሲሊኮን ሬዚስታንስ ሲሞቅ ይጨምራል። ከ25 ወደ 60 ዲግሪ ሲወጣ ሩብ ያህል ቢያድግ፣ 100 ሚሊቮልቱ 125 ይሆናል፤ የተጻፈው እርማት በ12 ዲግሪ ያህል ይስታል። ማመልከቻው የሚናገረው ስለ አንድ ነጥብ እርማት ብቻ ነው። መርማሪው ይህን ካየ «ባለሙያው ሊሠራው በሚችል መጠን አልተገለጠም» ብሎ በአንቀጽ 83 ይዞርብኛል። ክርክሬ በአንድ ወገን ሲጠነክር በሌላው ይከፈታል፦ ስዊቹ እጅግ አስቸጋሪ ነው ካልኩ ፈጠራው አይሠራም፤ ቀላል ነው ካልኩ ፈጠራ አይደለም።

ስሌቴ የሚያሳየኝ መሐል መንገድ አለ። ስዊቹ 100 ኦም ቢሆን ጭማሪው 10 ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ካልታረመ 5 ዲግሪ ያሳስታል፣ ከታረመ ግን ሲሞቅ የሚቀረው 2.5 ሚሊቮልት፣ 1.2 ዲግሪ ያህል ነው። መንጃው 4 ኦም ከሆነ 100 ኦሙ በስፋት 25 ጊዜ ይጠባል፣ የሚያመልጠውም ከረንት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ በወረቀት ነው። አንቺ ግን እንዲህ ያለ ትራንዚስተር በእጅሽ ሥለሽ፣ በመርፌ ለክተሽ ታውቂያለሽ።

የምለምንሽ ሦስት ነገር ነው። 100 ኦም አካባቢ የሚሆን ከፍተኛ ቮልቴጅ ቻይ ስዊች በእንዲህ ያለ ሂደት ተራ ነው ወይስ ጭንቅ? የ1.2 ዲግሪ ስህተት ጠብታው ላይ ይታያል? ደግሞ፣ እባክሽ ሳታባብዪኝ ንገሪኝ፣ በማመልከቻው የቅድሚያ ቀን (ፈጠራው ከቀድሞ ሥራዎች ጋር በሚመዘንበት ቀን) የነበረ ንድፍ ሠሪ ይህን ስዊች ያነሳው ነበር? መልስሽ እኔን የሚጎዳ ቢሆን እንኳ አሁን ከአንቺ ብሰማው ይሻለኛል። ቁጥሮቹን በማስረጃነት ማቅረብ ይቻላል፤ መግለጫው ውስጥ መጨመር ግን አይቻልም፣ ስለዚህ ለየብቻ ወረቀት ላይ ጻፊልኝ። ስምሽ መዝገብ ውስጥ እንዲገባ ካልፈለግሽ አልከፋም፤ መንገዱን ብቻ ብታሳዪኝ ይበቃኛል።

ገና ብዙ ልጽፍ ነበር። ስለ እናትሽ ሳልጠይቅ ስለ ዳዮድ ይህን ያህል መጻፌ ያሳፍራል፤ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? መልስሽን ከስሌቱ በፊት ከእሳቸው ጀምሪ።

ወዳጅሽ
ምሕረት

ማስታወሻ፦ ለሦስተኛው ጥያቄ የምትጠቅሽው መጽሐፍም ሆነ ጽሑፍ ከቅድሚያ ቀኑ በፊት የታተመ መሆን አለበት። ቀኑን ሥዕል 5 ጀርባ ላይ በእርሳስ ጽፌልሻለሁ።