ረሃብ ብቻውን አያሸፍትም

ውድ ወንድሜ ሰዒድ፣

እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ፣ እማማስ ደህና ናቸው? ኔትወርኩ ሲመጣ ሲጠፋ ደብዳቤህ ሳይመለስ ከረመ። እኛ አለን፣ ተመስገን፤ አብሽር።

ለጥናትህ ያነሳኸውን ጥያቄ አልረሳሁትም። ወጣቱን ጫካ የሚያስገባው ሃይማኖቱ ነው፣ ድህነቱ ነው ወይስ ትምህርቱ ብለኸኛል። እንደኔ ሦስቱን ማፎካከሩ ነው የሚያሳስተው፤ የየራሳቸው ሥራ አላቸው።

ድህነትን እንይ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ገበሬው ጠመንጃ አላነሳም። በሬውን ሸጠ፣ ዘሩን በላ፣ ቀጥሎ ወደ አስመራው መንገድ ወርዶ እርዳታ ሲጠብቅ ረገፈ። የጮሁለት የጠገቡት ናቸው፤ ወሎ ድረስ ሄደው ያነሱትን ፎቶ ለዕይታ ያቀረቡት የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ተማሪዎቻቸው፣ በየካቲት ደግሞ ወታደሩና ታክሲ ነጂው። ለአመፅም ስንቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚያሰጋው በልቶ የሚያድር ግን መቋቋሚያ የሌለው ልጅ ነው። ከ1980ዎቹ ድልድል ወዲህ ለወጣቱ የሚሰጥ መሬት የለም ማለት ይቻላል። አንድ ሄክታር፣ ማለትም አራት ጥማድ ያለው አባት አራት ወንድ ልጅ ቢኖረው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ጥማድ ይደርሰዋል። በአንድ ጥማድ ጎጆ አይወጣም፣ በተለይ በልጉ በከዳበት ደጋ። ልጁ ያለው መንገድ ወይ በጅቡቲዋ ወደብ በኦቦክ በኩል የመንን ተሻግሮ ሳዑዲ ነው፣ ወይ ከተማ ወርዶ የቀን ሥራ ነው፣ ወይ ጫካ። ሳዑዲ በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ላይ የሚበረታውን ግፊት ልብ ያለው ባለሥልጣን ጥቂት ነበር።

ትምህርት ላይ የውጭ ጥናቶች ደስ የሚል ነገር ይሉሃል፤ ሁለተኛ ደረጃ የገባ ወንድ ልጅ በበዛበት አገር የእርስ በርስ ጦርነት ስጋት ይቀንሳል። እውነት ነው፣ ግን የኛን ታሪክ አይጨርሰውም። የብሔረሰቦችን ጥያቄ በኅዳር 1962 ዓ.ም. በጽሑፍ ያነሳው ዋለልኝ መኮንን የደሴው ወይዘሮ ስኂን ተማሪ ነበር። በ1973 ዓ.ም. ከኢሕአፓ ወጥተው ኢሕዴንን (ኋላ ብአዴን የሆነውን) የመሠረቱትም ከገበሬው ይልቅ ከትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። ሰላም የሚያመጣው ትምህርት ወደ ሥራ የሚያደርሰው ነው። በ2015 ዓ.ም. ውጤቱ የተነገረውን የ12ኛ ክፍል ፈተና አስታውስ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። ከቀረው ልጅ ብዙው ዩኒቨርሲቲ አልገባ፣ ወደ እርሻም አይመለስ፤ ግን መዝገብ መያዝ፣ መግለጫ መጻፍ፣ ቪዲዮ ቆርጦ መለጠፍ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ታጣቂ ሁሉ ይፈልገዋል።

ወደ ሃይማኖት ስመጣ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ የሁለት የስታንፎርድ ምሁራን ጥናት አለ። ከ1945 እስከ 1999 የተካሄዱ 127 የእርስ በርስ ጦርነቶችን መርምረው፣ የሃይማኖትና የብሔር ብዛት ብቻውን ጦርነት እንደማይጠራ፣ ድህነት፣ ደካማ መንግሥትና ተራራማ መሬት ግን እንደሚጠሩ አሳዩ። (ደላንታንና አምባሰልን ያየ ሰው በተራራው አይገረምም።) ወሎም ይህንኑ ትላለች። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ ሥልጣንን ከጥምቀት ጋር ሲያስሩ፣ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ ሼህ ጠልሃ ደግሞ አምፀው ወጡ። ሁለቱም ዓይነት ሰው ከአንድ አገር፣ ከአንድ ሃይማኖት ነው የወጣው። መጠመቁም ሆነ ሽፍትነቱ የመጣው መንግሥት ሃይማኖቱን ሲነካ ነው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ሙስሊሙ «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ ሲነሳ መሣሪያው ጁምዓና ኮሚቴ ነበር፤ መሪዎቹ ሲታሰሩ እንኳ ወደ በረሃ አልዞረም። የተደራጀ ጀማዓ የሚደራደርለት ወኪል ስላለው ይመስለኛል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፣ ወደ ቅሬ፣ ወደ ወሎው እድር። በወሎ ገጠር በብዙ ቦታ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ ነው የሚቀባበሩት። አባሉ መቃብር ይቆፍራል፣ እንጨትና ውሃ ያቀርባል፣ ለቀስተኛ ያበላል፤ የቀረ በቅሬው ዳኛ ይቀጣል፤ አልቀጣም ያለ ይወጣል፣ የወጣ ሰው ደግሞ ሬሳውን የሚያነሳለት የለም። ከዚህ የከበደ ቅጣት ፍርድ ቤት አያውቅም። ለዚህ ነው ቀበሌው መዋጮም ሆነ የተፋሰስ ሥራ ሲኖረው የቅሬውን ዳኛ የሚጠራው።

በጦርነት ጊዜ የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው። የእያንዳንዱን ቤት ስም የሚያውቀው ዳኛው ስለሆነ፣ ሁለቱም ወገን ለስንቅ፣ ለሰውና ለመረጃ እሱጋ ይመጣል። ለአንዱ ስም ከሰጠ ለሌላው ጠላት ነው። ዳኛው ሲሸሽ ወይም ሲገደል የድንበር ክስ የሚሰማ ይጠፋል፤ አስታራቂ ሽማግሌዎቹን፣ አበጋሮቹንም፣ ለዕርቅ መንቀሳቀስ ያስፈራቸዋል። ያኔ ገበሬው ክሱን ይዞ ወደ ባለጠመንጃው ይሄዳል። ታጣቂ መንግሥት መሆን የሚጀምረው ቀረጥ ሲሰበስብ ሳይሆን ሲፈርድ ነው፤ ቀረጡ ከፍርዱ በኋላ እንደ ውለታ ይከፈላል።

ምርጫውንም ከዚህ ነጥለህ አትየው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምርጫ ሕግ መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር አለበት፤ ለተፈናቃይ ልዩ ጣቢያ ካልተከፈተለት ከጨዋታው ወጣ ማለት ነው። ከዚህ የባሰ ግን ማንም የማያነሳው አለ። ውጤት በየጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። በሰላም ጊዜ ግሩም ነው፣ ቁጥር መቀየር ይከለክላል። በጦርነት ጊዜ ግን 300 ሰው የመረጠበት የአንድ መንደር ጣቢያ ሲለጠፍ፣ መንደሩ ማንን እንደመረጠ ማታውኑ ይታወቃል። ድምፁ ለየሰው ሚስጥር ቢሆን ለመንደሩ ሚስጥር አይደለም። በዚሁ ሕግ አንድ ጣቢያ እስከ 1,500 መራጭ መያዝ ስለሚችል፣ ትንንሾቹን አጣምሮ መቁጠር ይሻላል እላለሁ፤ መንገዱ የሚረዝምባቸው አሮጊቶች ግን ይቀራሉ፣ እሱን አልክድም።

ለጥናትህ ስትወርድ «ማንን ትደግፋለህ» ብለህ እንዳትጀምር፤ ሁሉም የፊቱን ሰው ነው የሚመልስልህ። የመጨረሻውን የድንበር ጠብ ማን እንደዳኘው፣ እህል ለማስፈጨት ስንት ኬላ እንደሚታለፍ፣ አስተማሪው ደሞዙን የት ሄዶ እንደሚቀበል ጠይቅ። ቅሬው የመጨረሻውን ሬሳ በስንት ሰው እንደቀበረም ጨምር። የሰው ስም ግን ወረቀት ላይ አታስፍር፣ የዳኛውን በተለይ።

የመጠይቁን ረቂቅ ላክልኝ፣ አይቼ እመልስልሃለሁ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ፣
ከደሴ