ደብዳቤ ለልጄ፦ ብቻህን አትብላ

የኔ ጌታ እንዴት ከረምክ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰሞኑን ከጂንካ የመጣ ወንድም እሁድ ቸርች አግኝቶኝ ወንጌል ልታገለግል ሐመሮች አገር ዲመካ ስለወረድከው ስለ አንተ ሲነግረኝ ሆዴ ባባ። ከስቷል አለኝ፣ ከአገልግሎት ሲመለስ በሩን ዘግቶ ለብቻው ፓስታ ቀቅሎ ይበላል፣ ቢያወራም ከከተማ ከመጡት አስተማሪዎች ጋር በአማርኛ ነው አለኝ። አንተም በቴሌግራም "እማ ጸሎት ደርቆብኛል፣ እዚህ ማንም አያውቀኝም" ብለህ የላክልኝን ደጋግሜ አነበብኩት።

ስማኝ ልጄ፣ ብቻህን አትብላ። የደረቀውን ጸሎት ጌታ ያለመልመዋል፣ በር መዝጋቱን ግን የምታቆመው አንተ ነህ።

ሐመሮቹ ሸፈሮ፣ ያን የቡና ገለባ መጠጣቸውን፣ በቅል ሲሰጡህ ተቀበል። እኛ እኮ ሀይታ ቱኬ፣ የቡና ቅጠል እየጠጣን ያደግን ሰዎች ነን፣ የቡና ገለባ እንዴት ይከብድሃል? የፈላ ስለሆነ ሆድህን አይነካህም፣ ጥሬ ውሃ ግን ያለ ማከሚያው፣ ያለ ውሃ አጋር እንዳትቀምስ። ቅዳሜ የዲመካ ገበያ ሲቆም ደሞ ቤት አትቀመጥ፣ ውጣና ከሽማግሌዎቹ ጋር ጥላ ስር ቁጭ በል፣ ቋንቋውንም ከደብተር አይደለም የምትለምደው። ስልክህን አውጥተህ እንደ ቱሪስት ፎቶ እንዳታነሳቸው፣ ፌስቡክ ላይ ለጥፈህ ባየው በጣም ነው የማዝንብህ። በከብት ዝላዩ፣ ጎረምሳው ለአቅመ አዳም በሚበቃበት ሥርዓት ቀን ሴቶቹ ሲገረፉ አይተህ እንዳለቀስክ ጽፈህልኝ ነበር፣ እኔም አንብቤ አልቅሻለሁ፣ ልክ ነው ብለህ እንድትቀበል አልልህም። ግን የአንድ እናት ቤት እንኳን ገብተህ ሳትበላ ስለ ባህላቸው ለመናገር አትቸኩል፣ ማን ነህ ብለው ይስሙህ?

አያትህም እንዲሁ ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ ከሶዶ ተነስተው በእግራቸው በጎፋ አድርገው ለወንጌል ወደ አሪ ሕዝብ ሲወርዱ እኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፣ አያቴ ጋ ነው የተውኝ። መጀመሪያ ማንም አልቀረባቸውም ነበር፣ ይሰብካሉ፣ ሰው ሰምቶ ይሄዳል። ኋላ ወባ ጥሏቸው ሊሞቱ ሲሉ አንዲት የአሪ እናት፣ ያላመነች፣ ቤቷ አስገብታ ገንፎ እያጎረሰች አስታመመቻቸው። "ወንጌል ይዤላቸው ሄድኩ፣ የጌታን ፍቅር ግን እዛች ሴት ቤት ነው ያየሁት" ይሉ ነበር። ከዛ በኋላ ብቻቸውን አልበሉም።

እኔ ግን ሲመጡ ከበር ኋላ እደበቅ ነበር፣ አላውቃቸውም ነበራ። ትንሽ ከፍ ስል አንድ ክረምት ነይ አብረን እንሂድ፣ ሰዎቹ ሊያዩሽ ይፈልጋሉ አሉኝ፣ እኔ ደግሞ ተቆጥቼ ስለነበር አልሄድኩም፣ አባቴን የወሰዱብኝ እነሱ ናቸው ብዬ። ሌላ ክረምት አልመጣም። በደርግ ጊዜ ሲያርፉ ቸርቹ ታሽጎ ነበር፣ ግቢያችን ውስጥ ነው የተለቀሰው፣ እና ከአሪ በእግራቸው የመጡ ሰዎች አባታችን እያሉ ሲወድቁ ሲነሱ አየሁ። አባታችን! እኔ የማላውቀውን ሳቃቸውን ያውቁታል፣ የሚወዱትን ምግብ ያውቁታል። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው፣ አንድ ክረምት እንኳን እዛ ማዕድ ላይ አለመቀመጤ። አንተን ሲልኩህ እንቢ ያላልኩትም ለዚህ ነው፣ አባትህ አልገባውም ነበር።

የወላይታን ታሪክ ደሞ ታውቀዋለህ። በፈረንጆቹ 1937 ጣሊያን ሚሲዮኖቹን ሲያስወጣ የተጠመቁት 50 እንኳን አይሞሉም ነበር፣ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ አማኝ አገኙ። የቤተ ክርስቲያኑ መሪዎች እነዋንዳሮ ታስረው ተገርፈዋል፣ ምእመኑ ደሞ እስር ቤት ምግብ ሲያመላልስ ላላመነውም እስረኛ ያካፍል ነበር። ሰው ይህን እያየ ነው ያመነው። ሚሲዮን የለ፣ ብዙ መጽሐፍ የለ፣ ምግብና ጸሎት ነበር። እና አንተ በርህን ዘግተህ!

አልቆጣህም ልጄ። ናፍቀኸኝ ነው። ማታ ማታ ስምህን እየጠራሁ እጸልያለሁ፣ አንተ መጸለይ ሲያቅትህ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ እኛ እዚህ እንጸልይልሃለን፣ አትፈር።

ትኩሳት ከተሰማህ ዛሬ ነገ ሳትል ጤና ጣቢያ ሄደህ ደምህን ተመርመር፣ የወባ መድኃኒቱን ኮአርተም ከሰጡህ ተሻለኝ ብለህ እንዳታቋርጥ፣ የ3 ቀኑን ጨርስ፣ ምግብ በልተህ ዋጠው። ብቻህን አትብላ ማለቴን ደሞ እንዳትረሳ፣ ሲያምህም ለጎረቤት ንገር።

በሶ፣ ዳጣና አዲስ አጎበር ልኬልሃለሁ፣ ሹፌሩ ቀይ አፈር ከተማ ሱቁ ጋ ያስቀምጥልሃል፣ ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ዲመካ የሚመለስ መኪና አታጣም። በሶው ለጎረቤቶችህም እንዲበቃ ብዬ ብዙ አድርጌዋለሁ። የሹፌሩን ሂሳብ በቴሌብር ከፍያለሁ፣ ድጋሚ እንዳትከፍል።

እናትህ