የጓሳ ተለማማጆች በበጋ ይላኩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተግባር ልምምድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ተማሪው ቢሮ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ ይከርማል ብላችኋል። የብዙ ጓደኞቼ ዕጣ እሱ ነበር። እኔ ግን ቢሮ አልገባሁም፤ የተላክሁት መንዝ ጓሳ ነው። ቦታው ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ወቅቱ ላይ ነው።

ጓሳ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ያለ ውርጫም ደጋ ነው። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙን የሰጠው ሣሩ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛ ዝናብ የሚከልልበት ገሳም ይሠራበታል። መሬቱ የጋራ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ የተባሉ የሁለት አቅኚ አባቶች ዘሮች ተካፍለው ሲጠብቁት ኖረዋል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። ከዚያ በበጋ ለጥቂት ጊዜ ይከፈትና ይታጨዳል። ሳይከፈት ያጨደ ሰው ይቀጣል። ድሮማ በተሰረቀ ሣር የተከደነ ቤት እስከማቃጠል ይደረስ ነበር። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ይህ ሁሉ ፈረሰ። በኋላ ነዋሪው ራሱ፣ በኮሚቴ፣ መልሶ አቆመው።

እኔ የደረስኩት ሐምሌ ላይ ነው። ጉሙ ሁለት እርምጃ ፊትህ ያለውን ሰው ይውጠዋል። ባና ተከናንቤም ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። የተሰጠኝ ሥራ ሁለት ነው። አንዱ ከጠባቂዎቹ ጋር እየዞሩ የታየውን እንስሳ መመዝገብ ነው። ሁለተኛው ወረቀቱ ላይ «ለማኅበረሰቡ ግንዛቤ ማስጨበጥ» ይላል።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰበሰበልኝ። ማስታወሻዬን አነበነብኩት። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ሣሩ ሲጠበቅ አይጡ ይበዛል፣ አይጡ ሲበዛ ቀበሮው ይጠግባል አልኳቸው። አንድ አባት በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣

«ልጄ፣ ጓሳ ሲታጨድ አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላየሁም አባቴ።»

«እንግዲያ በበጋ ና። ያኔ እንጨዋወታለን።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

እውነታቸውን ነበር። የጓሳ ስርዓት ሥጋና ደም የሚለብሰው በበጋ ነው። መኖ ሲያጥር ነው ከብት ሹልክ ብሎ የሚገባው፣ ጠባቂውም ከጎረቤቱ ጋር የሚፋጠጠው። «ዘንድሮ ይከፈት፣ አይከፈት» የሚለው ክርክር፣ ሲከፈትም ማን ስንት ሸክም ይውሰድ የሚለው ጭቅጭቅ፣ ሁሉም ያኔ ነው። ክረምት ላይ ገበሬው ገብሱን ነው የሚያስበው። እኔ ስጠራው የሚመጣው በይሉኝታ ነው። እኔም የስም መቆጣጠሪያ አስፈርሜ «45 ሰው ግንዛቤ አግኝቷል» ብዬ እጽፋለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ግንዛቤ ያገኘሁትስ እኔ ነኝ። አንዲት እናት ምድጃቸው አጠገብ አስቀምጠው ቡና እያፈሉልኝ፣ «ስብሰባው ላይ የምታየው ወንዶቹን ነው። ቁጥቋጦውን ለማገዶ የምለቅመው እኔ ነኝ። እኔን የጠየቀኝ የለም» አሉኝ። አንድ እረኛ ልጅ ደግሞ ቀበሮው ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መሃል ገብቶ ሲያድን አይጥ እንደሚቀናው ነገረኝ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፣ ይላመዳሉ አለኝ። ተረት መሰለኝ። በኋላ ሳነብ፣ እዚያው ጓሳ ተጠንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህንኑ ይላል። ቀበሮው ጭላዳ መሃል ሆኖ ከሞከረው 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ። ልጁ ቁጥሩን አያውቅም እንጂ ነገሩን ቀድሞ ያውቀዋል። ይህን የት ልመዝግበው? ቅጹ ላይ የእንስሳው ዓይነት፣ ብዛትና ሰዓት ብቻ ነው ያለው። «ሌላ አስተያየት» የሚለው ቦታ ሁለት መስመር ነው።

ልምምዱ ክረምት የሆነበትን ምክንያት አውቃለሁ። ትምህርት የሚዘጋው ያኔ ነው፣ መምህራኑም የሚያመቻቸው ያኔ ነው። ግን ለደን፣ ለዱር እንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት ተማሪዎች ብቻ እንኳ ከየካቲትና ከመጋቢት አራት ሳምንት ቢቆረጥላቸው ምን ይጎዳል? ጓሳ በየዓመቱ እንደማይከፈት አይጠፋኝም። ባይከፈትም ክርክሩን ይሰማሉ፣ ከጠባቂዎቹ ጋር ያድራሉ። የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ኮሚቴው ቀኑን ቀድሞ ያውቃል፤ መጠየቅ ብቻ ነው። ሌላው ልመናዬ፣ ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ማንንም እንዳያስተምር ነው። ይስማ። ሴቶቹንም ቤታቸው፣ ወንዝ ዳር፣ ገበያ መንገድ ላይ ያነጋግር። ቅጹ ላይም አንድ ሙሉ ገጽ ይጨመርለት።

እኔ ዲግሪዬን ይዤ ሌላ ሥራ ውስጥ ገብቻለሁ። በበጋ ና ያሉኝ አባት ጋ ግን እስካሁን አልሄድኩም።

የቀድሞ ተለማማጅ፣
ከደብረ ብርሃን