ዋናውን ከእጅሽ አታውጪ

ይድረስ ለልጄ ለሙሉዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ብርዱ ግን የመንዝ ብርድ ነው፣ ታውቂዋለሽ።

ትናንት የአክስትሽ ልጅ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ያወራኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ብር ያበደርሽው ሰው በር ላይ ቆመሽ ስትጮኺ ሰፈሩ ተሰበሰበ አለኝ። ሚስትየዋ ውሃ ደፋችብሽ፣ አንቺም ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ «እሰሩልኝ» ብለሽ ነበር አለኝ። እናትሽ አልሰማችም፤ ቡና ስትቆላ ከደጅ አውጥቼ ነው ያናገርሁት።

ልጄ፣ 38,000 ብር ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፋብሪካ ውስጥ ሌሊት ቆመሽ ያጠራቀምሽው ነው። ቢሆንም የኔ ልጅ ሰው በር ላይ አትጮህም። ነገ «ስሜን አጠፋች» ብሎ እሱ ከሳሽ፣ አንቺ ተከሳሽ ብትሆኑ ምን ልትይ ነው? ፖሊሶቹም እውነታቸውን ነው፤ ብድር አለመክፈል የፍትሐ ብሔር ነገር እንጂ ወንጀል አይደለም፣ ማንም አያስርልሽም። ክሰሺው። ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ስሚኝ፤ ዋናውን የብድር ወረቀት ከእጅሽ አታውጪ።

ስታበድሪው ሁለት ምስክር አስፈርመሽ መጻፍሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን፣ ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። 500 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ሕጉ ግን እሱው ነው። ስለዚህ ያ ወረቀት ማለት ገንዘብሽ ማለት ነው፤ እሱ ከሌለ «ስሰጠው አይቻለሁ» የሚል ሰፈር ሙሉ ሰው ብታቆሚ አይጠቅምሽም።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ጻፊ፤ ይህን ያህል ብር በዚህ ቀን ተበድረሃል፣ በ10 ቀን ውስጥ ክፈል፣ አለበለዚያ እከስሃለሁ፣ በቃ። ስድብ አይግባበት። ሰው ባለበት ስጪውና ቅጂው ላይ አስፈርሚ። ወለዱን ካልተነጋገራችሁበት ሕጉ በዓመት 9 በመቶ ያስባል፤ ከማስጠንቀቂያው ቀን ጀምሮ ብለሽ ጠይቂ። ሰውዬው ሸዋ ሮቢት ወርዷል አሉኝ። ይውረድ፤ አንቺ በዚያ ሙቀት መንከራተት የለብሽም፣ ውሉ ደብረ ብርሃን ስለተጻፈ እዚያው መክሰስ ትችያለሽ። የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ለአነስተኛ ገንዘብ ነው፤ ያንቺ መጠን የት እንደሚያስኬድ የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር ጠይቂ። ጠበቃ ግዴታ አይደለም። በር ላይ የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ይጽፉልሻል፤ ግን አንቺው አንብበሽ ሳትጨርሺ አትፈርሚ። የሚያያዘው ኮፒው ነው። ዋናውን በቀጠሮው ቀን ራስሽ ይዘሽ ቀርበሽ ታሳያለሽ፣ ተመሳክሮ ወዲያው መልሰሽ ትይዥዋለሽ።

ሽማግሌዎች ቢመጡ ተቀመጪ፣ እምቢ አትበይ። እነሱም «እስኪ ወረቀቷን እንያት» ቢሉ ኮፒውን ስጪ። ቄስም ቢሆን ኮፒውን።

አሁን ይህን ያህል የምለፈልፍበትን ምክንያት ልንገርሽ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

እናትሽ በግ በታረደ ቁጥር የምትለውን ታውቂያለሽ፤ «የኔን በጎች ዳኛው በላቸው» ትላለች። አንቺም ወንድሞችሽም ይህን እየሰማችሁ አደጋችሁ። በ1986 ለፋሲካ 11 በጎቿን አንድ ነጋዴ በዱቤ ወሰደ፤ 1,100 ብር። ለቤቱ ቆርቆሮ ያሰብነው ነው። በብድር ስም ተጻፈ፣ ምስክር ፈረመ፣ ወረቀቱ የኔ ሳጥን ውስጥ ገባ፤ መምህሩ እኔ ነኛ! ከሰኔ በኋላ ሰውዬው ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። «መምህር፣ ወረቀቷን አንድ ቀን ስጠኝ፣ ለአጎቴ አሳይቼ ብሩን ላምጣ» አለኝ። ቁርባን የተቀበለ፣ ትልቅ ሰው። እንቢ ማለት አሳፈረኝ። ያን ጊዜ ባስተምርበት ከተማ ፎቶ ኮፒ የሚባል ነገር የለም፤ በእጄ ገልብጬ አስቀረሁና ዋናውን ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ ምን ወረቀት አለ።

ችሎት ፊት ካደ። እኔ በእጄ የገለበጥሁትን አቀረብሁ። ዳኛው መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየኝ፤ ጨዋ ሰው ነበር። «መምህር፣ ዋናው የት ነው? ጠፋ ወይስ ለሰው ተሰጠ?» አለኝ። ዞር ስል እናትሽ ከኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። እውነቱን ብናገር ምናልባት አንድ መንገድ ይፈልግልኝ ነበር። «አልተገኘም» አልሁ።

ስንወጣ «ጉቦ በልቶ ነው» አለች። ዝም አልሁ። ያቺ ቤት እስከ 1993 ሣር ክዳን ሆና የቆየችው፣ አንቺም ከሚያፈስ ጣራ ሥር የተወለድሽው ለዚህ ነው። ዳኛው ተዛውሮ ከሄደ በኋላ እንኳ ስትረግመው እሰማ ነበር፤ ስንት ጊዜ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። አሁን ሰባዬን ተሻግሬ ለእሷ ልነግራት አልቻልሁም፣ ለአንቺ ግን ጻፍሁት። ታዝቢኝ።

እና ልጄ፣ ዋናውን ከእጅሽ አታውጪ። አከራይሽ ጋ እንዳታስቀምጪው። ዛሬውኑ አምስት ኮፒ አንሺ፣ አንዱን በሚመጣ ሰው ላኪልኝ። በባንክ ያስተላለፍሽበትንም ደረሰኝ ቅርንጫፉ ሄደሽ አሳትሚ፤ ስልክ ይጠፋል። ሕጉ 10 ዓመት ይሰጥሻል የሚልሽ ሰው ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ምስክር ግን 10 ዓመት አይጠብቅም። ፍርድ ቤት በክረምት ለዕረፍት ስለሚዘጋ ከዚያ በፊት መዝገብ ክፈቺ። የዳኝነቱን ክፍያ አትፍሪው፤ ስትረቺ ወጪና ኪሳራ ብለሽ ከሱ ትጠይቂያለሽ። «ያለ ክፍያ በደሃ ደንብ ልክሰስ በይ» የሚሉሽን አትስሚ፣ ደመወዝተኛ ነሽ፣ ሐሰት ተናግረሽ አትማይ።

ቀጠሮ አትቅሪ። ፈረቃሽን ከሰው ጋር ተለዋወጪ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እዚያ ተገኚ። ከሳሽ ከቀረ መዝገቡ ይዘጋል። መጥሪያ ደርሶት እሱ ከቀረ ደግሞ በሌለበት ይታይልሻል። ዳኛው የጠየቀሽን ብቻ መልሺ፤ እንደ አያትሽ «በላ ልበልሃ» እያልሽ ከዘራ የምትሰብቂበት ዘመን አይደለም። አፍሽ የሱ እንደሆነ አውቃለሁ። የጠየቀሽን ግን ሳትደብቂ መልሺ።

በአክስትሽ ልጅ እጅ አንድ ኪሎ ቅቤና የበግ ቆዳ ልኬልሻለሁ፤ ቆዳውን ከአልጋሽ ላይ አንጥፊው። በቅቤው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ 1,500 ብር አለ፣ ለመዝገብ ማስከፈቻ ነው፣ ሳታዪ እንዳታቀልጪው።

እናትሽ አሁን ገብታ «ይህን ሁሉ ምን ትጽፍላታለህ?» አለችኝ። ስለ ብርዱ ነው አልኋት።

አባትሽ
መሐል ሜዳ